ዓይናማው የታወረ ዕለት

በዘጠኝ ዓመቴ አንዲትን ሴት ሮቦት ናት ብዬ ከእንጀራዋ አፈናቅያለሁ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ግን ተነስቼ የምሠራው ነገር እፈልጋለሁ። ቁጭ ብዬ የምጨርሰው ጨዋታ አይደለም።

ሥራዬም ቁጭ የሚያሰኝ አይደለም። ቡና የሚለቅሙ ማሽኖችን እጠግናለሁ። ሰኞ አጋሮ፣ ረቡዕ ሊሙ፣ ዓርብ ጌራ ነኝ፤ አንድ ከተማ ሁለት ቀን ካደርኩ እግሬን ይበላኛል። እናቴ “ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የወለድኩሽ?” ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወደ ሰቃ ሂጂ ተባልኩ። ሰቃን አምስት ዓመት ሙሉ ሰበብ እየፈለግሁ ስሸሻት ነበር። በዚህ ጊዜ ባልደረባዬ ታመመና ሰበቡ አለቀብኝ።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከአጎቴ ሳሎን ልጀምር።

አጎቴ ሀቢቡላህ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ ከእኛ ቤት ጀርባ ይኖር ነበር። በሰፈሩ መጀመሪያ ዲሽ የሰቀለ እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት እንዳበቃ በአንድ የዐረብ ቻናል ላይ የጃፓን ካርቱን ይመጣል፤ ሃያ የምንሆን ልጆች ጫማችንን በር ላይ ቆልለን ምንጣፉ ላይ እንታጨቃለን። ካርቱኑ ውስጥ ያለችው ከተማ ሁልጊዜ ይዘንብባታል። ፎቆቿ ጫፋቸው አይታይም፣ መብራቷ ሮዝና ሰማያዊ ነው፣ መኪኖቿ በአየር ይሄዳሉ። እዚያች ከተማ ውስጥ ሁለት ፖሊሶች አሉ፤ አንዷ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ቀልጣፋ ልጅ፣ ሌላው ካፖርቱን የማያወልቅ ዝምተኛ ሰውዬ። ሥራቸው ከሰው ተመሳስለው የተደበቁ ያመፁ ሮቦቶችን ማደን ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የእነሱ ዝናብና የእኛ ዝናብ ይቀላቀልብን ነበር።

ካርቱኑ የሚናገረው በዐረብኛ ነው። አጎቴ ቁርኣን በቃሉ የያዘ ሰው ስለሆነ ትርጉሙ የእሱ ድርሻ ሆነ። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ እጁን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቶ ይተረጉምልናል። በመጀመሪያው ክፍል የፖሊሶቹ አለቃ ጠረጴዛውን እየደበደበ ብዙ ተናገረ። አጎቴ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቀውና፣ ሮቦት በሦስት ነገር ይለያል አለን። አንደኛ አያለቅስም። ሁለተኛ አያልበውም። ሦስተኛ እጁ ሲሠራ ዓይኑ ሌላ ቦታ ያያል። ቀጥሎም፣ ሁለቱ ፖሊሶች ካልተስማሙ ማንም አይያዝም፣ ለአንድ ነገር ሁለት ምስክር ያስፈልጋል አለ።

ከሦስት ዓመት በፊት ያንን ካርቱን ስልኬ ላይ ከነትርጉሙ አገኘሁት። አለቃው በዚያ ሁሉ ንግግሩ የሚለው፣ ሮቦቶቹ ምንም ምልክት የላቸውም፣ ስለዚህ በጥርጣሬ ብቻ ሰው እንዳትነኩ ነው። አጎቴ የቁርኣኑን ዐረብኛ በዜማ ያነባል እንጂ የካርቱን ፖሊስ ሲጣደፍ የሚለውን አይሰማም ነበር። ሃያ ልጅ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀው አላውቅም ማለት ሞት መሰለውና ከራሱ ጨመረ። አልቀየምኩትም። የሁለቱን ምስክር ነገር እንኳን ከኪታቡ ወስዶ ነው የሰካው፤ እኔ ያፈረስኩት ደግሞ ያንኑ ነው።

እኔና የጎረቤታችን ልጅ ጊፍቲ ፖሊሶች ሆንን። ባጃችን ከሲጋራ ፓኬት የወጣ ብልጭልጭ ወረቀት ነበር። እኔ ቀልጣፋዋ ነኝ፤ እሷ ዝምተኛው። የሚታደን ሮቦት ብቻ ጠፋን።

እናቴ ሳቢሃ ከተማው ዳር ባለ አንድ የቡና ማበጠሪያ ውስጥ ለቃሚ ነበረች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የምንበላው ከዚያ ጠረጴዛ ነው። ለቃሚዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ መሐላቸው ቡና ይፈስላቸዋል፤ ጥቁሩን፣ የተነቀዘውንና የተሰበረውን አውጥተው ደህናውን ወደ ታች ይገፋሉ። ሁለት ለቃሚ አንድ ጆንያ ነው። አንዷ ከደከመች ሌላዋ ትሸፍናለች፣ አንዷ ካጠፋች ሁለቱም ይጠየቃሉ። የእናቴ ጓደኛ እትዬ ውቢት ነበረች። ስድስት ዓመት አብረው ለቅመዋል። አንዷ ጁምዓ ስትል ሌላዋ ዓርብ ጾም ነው ትላለች፤ አንዷ ያረደችውን ሌላዋ አትበላም። እሑድ ከሰዓት ግን እትዬ ውቢት ከሰቃ የሚመጣላትን ለጋ ቅቤ ይዛ ቤታችን ትመጣና እርስ በርስ ፀጉራቸውን ይቀባባሉ። ቅቤው ውስጥ ምን እንደምትጨምርበት አላውቅም፤ እንደ እሱ የሚሸት ቅቤ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

ከትምህርት ቤት መልስ እኔና ጊፍቲ በጆንያዎቹ መሐል እንጫወታለን። እዚያ ሆኜ ነው የእትዬ ውቢትን እጅ ያየሁት። ጣቶቿ ጥቁሩን ፍሬ እየለዩ ይጥላሉ፤ ዓይኗ ግን ቡናው ላይ የለም። ዓይኗ የመጋዘኑ በር ላይ ነው። ጊፍቲን በክርኔ ጎሰምኳት። “ሦስተኛው ምልክት” አልኳት።

በዚያው ሰሞን እትዬ ውቢት አንድያ ልጇን ቀበረች። በአራተኛው ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ጣቶቿ እንደ ድሮው ይሮጣሉ፣ ፊቷ ላይ አንዲት እንባ የለም። ሌሎቹ ሴቶች እሷን እያዩ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እኔ ባጄን ደረቴ ላይ ጨብጬ አንደኛው ምልክት አልኩ። ላቧን ማረጋገጥ አልቻልንም፤ ሁለቱ በቂ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ማበጠሪያው ለሐዘን የሚፈቅደው ሦስት ቀን ብቻ እንደነበረ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። በሩን የምታየው ደግሞ ልጇ ታሞ ቤት ትታው ስለምትመጣ ነበር፤ የሚጠራኝ ሰው ይመጣል እያለች። ከቀበረችው በኋላም ዓይኗ ልማዱን አልተወም።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። በክሬን ከመኪና ሲወርድ ሴቶቹ ሁሉ ከጠረጴዛቸው ተነስተው ዳር ቆሙ። ነጭ ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ፊቱ ላይ ረጅም መስታወት አለው። ቡናው ከላይ ሲፈስ ከመስታወቱ ኋላ ያሉት ዓይኖች እያንዳንዱን ፍሬ ያዩና ጥቁር ካገኙ በአየር እፍ ብለው ያስወጡታል። ሴቶቹ “ዓይናማው” አሉት። ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ደሬሳ፣ ዓይናማው አንድ ሳምንት ይሞከራል፣ ቡናው ጥሩ ከወጣ ጠረጴዛዎቹ ይነሳሉ አላቸው። እናቴ ያን ቀን እራት አልበላችም፤ እኔ ዓይናማውን የፈራች መሰለኝ። ለካ የሚቀጥለውን ወር እራት ነበር የምታስበው።

እሑድ ግቢያችን ውስጥ እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እትዬ ውቢት ፀጉሯን ትቀባታለች። እኔ ከደጁ ሥር አዲስ ባጅ እየሠራሁ ጆሮዬን ጥዬባቸዋለሁ። እናቴ ስለ መስታወቱ ታወራለች፤ ቢቆሽሽ ያያል ወይ፣ ጧት ሳይከፍቱት ማን ነው የሚወለውለው ትላለች። እትዬ ውቢት እጇን አቆመች።

“ተዪው ሳቢሃ” አለቻት። “አትንኪው። እሱ ምን አደረገሽ? የታዘዘውን ነው የሚሠራው።”

ሮቦት ለሮቦት ሲከራከር በጆሮዬ ሰማሁ። ለጊፍቲ ሮጬ ነገርኳት፤ ጠላት እናቴ ጠረጴዛ ላይ፣ ፊት ለፊቷ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ኖሯል አልኳት።

ረቡዕ ዕለት ዓይናማው አመፀ። ደህናውን ቡና እፍ እያለ ወደ ውዳቂው ይተፋል፣ ጥቁሩንና የነቀዘውን ተሸክሞ ወደ ጥሩው ጆንያ ያሳልፋል። ኦቦ ደሬሳ ቁልፉን ቢነካ፣ ቢያጠፋው፣ ቢያበራው ያው ነው። ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ካርቱኑ ውስጥ ሮቦት የሚያምፀው ሌላ ሮቦት ሲያዘው ነው፤ ይህንንም ያለን አጎቴ ነው።

ከአዲስ አበባ ማሽኑን ይዞ የመጣው ባለሙያ ክዳኑን ፈታ፣ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳለፈና አሸተተ። ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ ኦቦ ደሬሳን አስሸተተው። ቅቤ ነበር። በስሱ ከዳር እስከ ዳር የተቀባ ለጋ ቅቤ።

ዛሬ እንደዚያ ያለውን መስታወት በሳምንት ሦስቴ የምጠርገው እኔ ነኝ። በአልኮል የራሰ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለት ጊዜ። የጣት አሻራ እንኳን ዓይኑን ያሳስተዋል። ማን እንደቀባው የገባኝ በትምህርት ቤት የመጀመሪያ ልምምዴ ላይ ነው፤ መምህራችን “ቅባት ካገኘው ደህናውን ከመጥፎው አይለይም” ሲለን ያ ሽታ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ።

ያን ዕለት ግን ሁሉንም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ኦቦ ደሬሳ ሴቶቹን ግቢው ውስጥ ሰብስቦ፣ ያደረገችው እስከ ማታ ካልተገኘች ሁሉም ይባረራሉ አለ። እኔና ጊፍቲ ምርመራችንን ጀመርን። ወደ መስታወቱ ተጠግተን አሸተትን። ከዚያ በሴቶቹ መሐል እየተሽሎከለክን ራስ ራሳቸውን አሸተትን። እትዬ ውቢት ጋ ስደርስ ሽታው ያው ነው። ጨረስን አልኩ።

ጊፍቲ ግን እጄን ያዘችኝ። “ማሎ ሩፈይዳ፣ ተዪ” አለችኝ፣ ለምና። “እናትሽም ያንኑ ነው የምትሸተው።”

እጄን መነጨቅኋት። እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ ታለቅሳለች፣ ሬዲዮ ሰምታ ታለቅሳለች፤ እናቴ ሮቦት አይደለችም አልኳት። እሷ፣ አላየንም፣ ያላየነውን አንመሰክርም አለችኝ። ፈሪ አልኳት፤ ባጅዋንም ከደረቷ ቀደድኩት። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል የተባለውን ረስቼው አልነበረም። የፈለግሁት ቶሎ እንዲያልቅና እናቴ እንድትድን ነበር።

ብቻዬን ወደ ኦቦ ደሬሳ ቢሮ ገባሁ። እትዬ ውቢት ናት፣ ስትቀባው አይቻለሁ አልኩት። ብዕሩን አስቀምጦ ብዙ አየኝ። ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ሰማንያ ሴት ከማባረር አንዷን ማባረር ይቀለዋል።

“ወላሂ በይ” አለኝ።

“ወላሂ።”

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እኔ ያቦካሁት ለአሥራ ስድስት ዓመት በቃ። አጎቴን ቆይቼ ስጠይቀው፣ ያልደረሰ ልጅ መሐላ አይጻፍበትም አለኝ። ለምን ደስ እንዳላለኝ አላውቅም። ቢጻፍብኝ ኖሮ የሚፋቅበት መንገድም ይኖረው ነበር መሰለኝ።

ኦቦ ደሬሳ እጄን ይዞ ወደ ግቢው አወጣኝና ያልኩትን ለሁሉም ተናገረ። እናቴና እትዬ ውቢት ጎን ለጎን ቆመዋል። እናቴ አፏን ከፈተች። እትዬ ውቢት እሷን አየቻት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና እሷን። እናቴ ከመናገሯ በፊት እትዬ ውቢት “እኔ ነኝ” አለች። ወደ መጋዘኑ ገብታ ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛዋ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችና በዚያ ስታየው በኖረችው በር ወጣች። እንባ የላትም።

እናቴ ያን ማታ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። ለስድስት ዓመት ከሮቦት ጋር መቀመጧ አስደንግጧት ነው ብዬ አጠገቧ ተኛሁና፣ አይዞሽ፣ ተይዛለች አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀን በኋላ ፀጉሯን በቅቤ ተቀብታ አይቻት አላውቅም። ዓይናማውም መስታወቱ ተጠረገለትና በሁለት ወር ውስጥ ጠረጴዛዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ። የእናቴ ሦስተኛው ነበር።

ከክፍል ጥዬ የወጣሁ ዕለት፣ ያኔ ስለ መስታወቱ ስትጠያይቅ የሰማኋት ትዝ ብሎኝ ቀጥ ብዬ ቤት ሄድኩና አንቺ ነሽ ወይ አልኳት። እናቴ አልካደችም። ረቡዕ ጧት ማንም ሳይገባ ከገዛ ፀጉሯ ጠርጋ ነው የቀባችው። ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅሁም አልኳት፣ ለማስተባበል ያህል።

“አንቺ ልጅ ነበርሽ” አለች። “እኔ ግን ልጅ አልነበርኩም።”

ለምን ሄደሽ አልነገርሻትም ብላት፣ በምን ዓይኔ ብላ ተነስታ ሄደች። ያን ጊዜ ነው እግሬን መብላት የጀመረኝ።

እንግዲህ ሰቃ፤ እትዬ ውቢት ከሥራዋ ስትባረር ተመልሳ የገባችበት አገሯ። ማሽኑን ጠግኜ ስጨርስ ሰባት ሰዓት ነበር። ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና ቆሞ ይጠራል፤ እግሬ ወደ እሱ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በመጨረሻ የመጋዘኑን ዘበኛ ስለ እትዬ ውቢት ጠየቅሁት። ከገበያው ጀርባ የቡና ችግኝ ታፈላለች አለኝ።

እትዬ ውቢት ግቢዋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ አፈር ትሞላለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። እጇ አፈሩን ያጭቃል፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሳልገባ አየችኝ።

“የሳቢሃ ግንባር” አለች። “ኮቱ፣ ግቢ።”

አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ እንደማልናገረው አውቃለሁ።

“እትዬ ውቢት፣ ያኔ ሲቀቡት አላየሁም። ወላሂ ያልኩት በውሸት ነው።”

“ያላደረግሁትን በምን ዓይንሽ ታዪዋለሽ?” አለች።

“ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?”

ላስቲኩን ሞልታ ከጎኗ አቆመችው፤ ሌላ አነሳች።

“ወላሂ ብለሽ ነበራ። እኔ አይደለሁም ብል ሽታው የማን ራስ ላይ እንዳለ ይፈለጋል። እናትሽ አጠገቤ ቆማለች፣ እኔው በቀባኋት ቅቤ። ልጅ በገዛ ምላሷ እናቷን ስታስይዝ ቆሜ ልይ? እኔን ቤት የሚጠብቀኝ አልነበረም። እሷ ግን አንቺ ነበርሽላት።”

ሮቦት ናት ብዬ እንደነበር ነገርኳት። ሦስቱን ምልክቶች፣ ካርቱኑን፣ አጎቴን፣ ሁሉንም። ስለ ልጇ ሐዘን ያልኩትንም አልደበቅኋትም። እሷ ሰማችኝና ሳቀች፤ ሳቋ ረጅም አልነበረም።

“አልተቀየምኩም አልልሽም” አለች። “በአንቺ አይደለም። እሷ አንድ ቀን መጥታ ሁለት ቃል ትለኛለች ብዬ በር ሳይ ኖርኩ። ከጅማ ሰቃ ምን ያህል መንገድ ነው?”

ያንን መንገድ እኔም ለአምስት ዓመት ሸሽቼዋለሁ። እትዬ ውቢት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች፣ ቤት ገብታ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣችና እጄ ላይ አኖረችው። ገና ሳትሰጠኝ ሽታውን አውቄዋለሁ።

“ፀጉሯን ማን ይቀባታል?”

“ማንም። ከዚያ ወዲህ አትቀባም።”

“እንኪ። ለራሷ ነው፤ ለማሽን አይደለም በያት።”

መኪናው ውስጥ ቅቤውን ጭኔ ላይ ይዤ ከሰቃ እስከ ጅማ አንዴ አልተንቀሳቀስኩም። ቦሳ አዲስ ስደርስ እናቴ በረንዳው ላይ ሩዝ ትለቅማለች። ሽታው ቀድሞኝ ደረሰ መሰለኝ፣ ቀና ሳትል እጇ ቆመ። የተላከላትን ቃል እንዳለ ነገርኳት። ሰሃኑን አስቀመጠች፣ በርጩማውን ስባ ጀርባዋን ሰጠችኝና ሻሿን ፈታች።

ቅጠሉን ገልጬ በሁለት ጣቴ ቆርሼ ወደ ራሷ ላስጠጋ ስል እጄን በእጇ ያዘችው።

“አይ” አለች። “እሷ ትቀባኝ።”

ቅቤውን መልሳ በቅጠሉ ጠቀለለችው፣ ሻሿንም አሰረች። ከዚያ ወደ ሰቃ የሚሄደው የመጀመሪያው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው ብላ ጠየቀችኝ። ጧት አሥራ ሁለት ተኩል አልኳት። ገና ፀሐይ እንኳን አልጠለቀችም ነበር፤ እናቴ ግን ተነስታ ጫማዋን ፈልጋ አገኘችና በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።